ከጅማ ለአንድ ቀን የት እንሂድ? አባ ጅፋር፣ ቦዬ፣ ጮጬ፣ በለጠ ወይስ ቦንጋ

ጅማ የምኖር ሰው ነኝና በምረቃ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ልጅ ለማስመረቅ የመጣ ዘመድ፣ ለሥልጠና የመጣ ጓደኛ፣ የሩቅ ጎረቤት ሳይቀር ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንድ ቀን አለን፤ የት ትወስጂናለሽ?» ድሮ ሳላስብ «ቦንጋ!» እል ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ እኔ ነኝ የምጠይቀው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ ቦንጋ ውለን ለመመለስ ተነሳን። መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ቦንጋ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ምሳ በልተን ሙዚየሙን ሮጥ ሮጥ ብለን እንዳየን ዝናቡ ወረደ። ፏፏቴውንም የሻይ ተክሉንም ሳናይ የመመለሻ መኪና ፍለጋ ገባን። ማታ ቤት ስንደርስ አክስቴ ጉልበቷን እያሸች «ልጄ፣ መንገዱስ ያምራል። ግን ያየሁት መንገዱን ብቻ ነው» አለችኝ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ቦንጋ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የኔ ምርጫ ነው። ለሁለት ቀን የሚሆን ቦታ ለአንድ ቀን፣ ለወጣት የሚሆን ጉዞ ለአክስቴ መረጥኩ። በጅማ ዙሪያ ቆንጆ ቦታ ሞልቷል። ሰው የሚሳሳተው ቀኑንና ቦታውን ማገናኘት ላይ ነው። ስለዚህ የቦታ ስም ከመጥራታችን በፊት በምን በምን እንደምንለካቸው እንስማማ።

በምን እንለካቸው?

መጀመሪያ የመመለሻውን ነገር አስቡ። መሄድ ቀላል ነው፤ ጠዋት መኪና አይጠፋም። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ከትንንሽ ከተሞች ወደ ጅማ የሚመለስ የመስመር መኪና እየሳሳ ይሄዳል። ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ፤ መኪና የምትጠብቁበትንም ሰዓት ጨምሩበት።

ሁለተኛው የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚወስዱት ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአስፋልቱ ስትወርዱ ነው። አንዱ ቦታ ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ሌላው ጋ የጅማን ቀይ ጭቃ በእግር ማቋረጥ አለ። ይህ ጭቃ ጫማ ሥር ተጣብቆ እግርን ያከብዳል። ለአረጋዊም ለሕፃንም አይሆንም።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። ጅማ ዝናባም አገር ነው። ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሆንም በበልግም ያካፋል፣ አንዳንዴም ይጥላል። ብዙ ጊዜ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋትን መጠቀም ግማሽ መፍትሔ ነው። ለቡና ቦታዎች ደግሞ ወቅት ማለት ሁሉ ነገር ማለት ነው። ቡናው የሚያብበው በየካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ ነው። የሚለቀመው ደግሞ ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በሌላው ጊዜ የምታዩት አረንጓዴ ቁጥቋጦ ነው።

አራተኛው ወጪ ነው። የታሪፍ ዋጋ በነዳጅ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልጽፍም። በሦስት ደረጃ ልክፈለው፦ በባጃጅ የሚያልቅ «ትንሽ»፣ በመስመር መኪና የሚሆን «መካከለኛ»፣ ኮንትራት መኪና የሚፈልግ «ከባድ»። አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ስትከፍሉት ኮንትራቱ ለየራሳችሁ ብዙም አይከብድም። ብቻውን ለሚሄድ ግን ይጎዳል።

የመጨረሻው መለኪያ «እዚያ ካልሄድኩ ሌላ ቦታ የማላገኘው ነገር አለ?» የሚለው ነው። ፏፏቴ በብዙ ቦታ አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግን አንድ ነው።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ጅሬን

ከከተማው መሃል ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። መለኪያዎቹን ሁሉ የሚያልፍ አንድ ቦታ ጥሪ ካላችሁኝ ይህን እጠራለሁ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቅ አባ ጅፋር ከመዋጋት ይልቅ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በዚህም የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆይተው አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ። ይህን ያዘለ ታሪክ ሳታውቁ ከገባችሁ የምታዩት አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። አውቃችሁ ከገባችሁ ግን በየክፍሉ መቆም ያሰኛችኋል።

ዋናው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ዙሪያውን ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ ቆማችሁ የእንጨቱን ምሰሶ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሰው ለዘመናት የተደገፈበት እንጨት ልስላሴ አለው። ከዚያ ቀና ብላችሁ ቁልቁል ስታዩ ጅማ ሙሉ በሙሉ እግራችሁ ሥር ናት። ንጉሡ ይህን ኮረብታ የመረጡበት ምክንያት ያኔ ይገባችኋል። በግቢው መስጊድ አለ። ለሶላት ሰዓት አክብሮት ስጡ፤ አለባበሳችሁም ጨዋ ይሁን። የንጉሡ መቃብርም እዚያው ጅሬን አካባቢ ነው።

አስጎብኚ ውሰዱ። ይህን አጥብቄ የምለው ክፍሎቹ ራሳቸው ብዙ ስለማይናገሩ ነው። የቱ የእንግዳ፣ የቱ የችሎት፣ የቱ የቤተሰብ እንደነበር የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋል። እዚያው የሚያስጎበኙ የአካባቢው ልጆች ታሪኩን ከአያቶቻቸው የሰሙ ናቸው። ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የመክፈቻ ሰዓት አጣሩ።

ጅሬንን ከከተማው ሙዚየም ጋር አንድ ላይ እዩት። ብዙ ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ «ባዶ ነው» ብሎ ይመለሳል። የአባ ጅፋርና የቤተሰባቸው መገልገያ ዕቃዎች ያሉት ከተማ ውስጥ፣ ጅማ ሙዚየም ነው። ቤቱን ላይ ዕቃውን ታች ስታዩ ነው ነገሩ የሚሟላው። ቅደም ተከተሉንም ልንገራችሁ፦ ሙዚየሙን አስቀድሙ። ወንበሩንና አልጋውን አይታችሁ ስትወጡ ባዶው ክፍል ባዶ አይመስላችሁም።

ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ወደ ሂርማታ ገበያ ጎራ በሉ። ሂርማታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ገበያ ነው። የጅማን በርጩማ መግዛት ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት። እውነተኛው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ሦስቱ እግሮች ከመቀመጫው ጋር አንድ እንጨት ናቸው። የእንጨቱ ጅማት ከመቀመጫው ወደ እግሩ ሳይቋረጥ ሲወርድ ይታያል። ሚስማር ወይም የኮላ መስመር ካያችሁ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሩ።

ቦዬ

በአዲስ አበባ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ነው። ረግረግና ውሃ፣ ወፍ በብዛት፣ ደግሞም ጉማሬ። ወጪው ትንሽ፣ ጊዜውም ሁለት ሦስት ሰዓት።

ግን በሰዓቱ ከሄዳችሁ ነው። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ውሃና ሣር አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ ሳይነሳ ድረሱ። ዝም ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ድንጋይ የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ከዚያ «ድንጋዩ» ጆሮውን ያራግፋል፣ አየር በአፍንጫው ፉት አድርጎ ያስወጣል፣ ተመልሶ ይሰጥማል። ያንን ያየ ሕፃን ዓመት ሙሉ ያወራዋል። ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ባለ ረጅም እግር ወፍም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣሩ ውስጥ ሲራመድ ታገኛላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጉማሬ ሰነፍ ይመስላል እንጂ አደገኛ እንስሳ ነው። ውሃው ዳር አትጠጉ። በተለይ ሲመሽ፣ ለግጦሽ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከልጆች ጋር እዚያ አትገኙ።

ሰቃ

ሰቃ በቦንጋ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚሄዱት ለፏፏቴው ነው። የመስመር መኪናው ርካሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እግር ነው። የአካባቢ ልጅ መንገድ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ በጉዞው መጨረሻ የሚከፈለውንም ሳትነሱ ተነጋገሩ። በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ሙሉ፣ መሬቱም እየጠና ስለሆነ ጥሩ ነው። በሐምሌ አልመክርም፤ በመጋቢት ደግሞ ውሃው ይቀንሳል። ለወጣቶች ግማሽ ቀን ይበቃል።

አጋሮና ጮጬ

አሁን ወደ ቡናው ገባን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው። ጮጬ በዚያው በጎማ ወረዳ ያለች ቦታ ናት። የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ፣ ከታ ሙዱጋ በሚባለው ሥፍራ ነው ይላል። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲቦርቁ ያየውን እረኛም ካሊድ ይሉታል። ከፋዎች ደግሞ የቡና እናት አገር የኛ ነው ይላሉ፤ ፈረንጆቹ «ኮፊ» የሚሉት ስምም ከከፋ የመጣ ነው ባይ ናቸው። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። የቡና ጫካ የወረዳ ድንበር አያውቅም፤ የደቡብ ምዕራብ ደን በሙሉ የአረቢካ ቡና በገዛ እጁ የሚበቅልበት አገር ነው። ለምርጫችሁ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ጮጬ ሄዳችሁ በአንድ ቀን ትመለሳላችሁ፤ ከፋ ግን ማደር ይጠይቃል።

ጮጬ ላይ ትልቅ ሕንፃ ወይም ያጌጠ ሙዚየም ጠብቃችሁ አትሂዱ። የምትሄዱት ለቡናው ነው። በኅዳር ከሄዳችሁ ደግሞ ቀኑ ራሱ ሙዚየም ነው። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ሴቶች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እሸት ቡና ሲለቅሙ ታያላችሁ። አንዷን ቀይ ፍሬ ለምናችሁ በሁለት ጣታችሁ ጭመቋት። ሁለት ፍሬዎች እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ዙሪያቸውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ምላስ ላይ ሲያርፍ ይጣፍጣል። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ጠጥተው ቡና ጣፋጭ ፍሬ መሆኑን እዚያ ያወቁ እንግዶች አሉኝ።

በመንገዱ ላይ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ፤ በሥራ ሰዓት ከሆነ ሰው አታስቸግሩ። ታጥቦ በአልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ፈዛዛ ነጭ ነው። ከነልጣጩ የደረቀው ጀንፈል ደግሞ ጥቁር ቡናማ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ስኒያችሁ ውስጥ ጣዕሙ ለምን እንደሚለያይ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ለቡና ቀረብ ያለ ሌላ ቦታም አለ። እዚያው ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ የቡና ምርምር ቤት ነው። ግን መዝናኛ ሳይሆን የሥራ ቦታ ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ለጠየቀ ተማሪና ባለሙያ እንጂ ለቤተሰብ ሽርሽር አይሆንም።

በለጠ ጫካ

በቦንጋ መንገድ፣ ሰቃን አልፋችሁ ሸቤ አካባቢ የበለጠና ጌራ ደን ይጀምራል። እኔ ደክሞኝ ስውል የምሄደው እዚህ ነው። መንገዱ ራሱ ጫካውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ከመኪና ሳትርቁ ደን ውስጥ ናችሁ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ነጭ ጭራው እንደ ነጠላ ጫፍ ይርገበገባል። በደኑ ውስጥ ያለው ቡና ሰው ያልተከለው ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። የጃፓን የልማት ድርጅት ጃይካ ለዓመታት ሲደግፈው የነበረ ሥራ ነው።

ችግሩ የመመለሻ መኪና ነው። ጫካ መሃል ቆማችሁ የሚያልፍ የመስመር መኪና ስትጠብቁ ብዙዎቹ ሞልተው ያልፏችኋል። ስለዚህ ኮንትራት ወይም የራስ መኪና ይሻላል። ምሳና ውሃ ከቤት ያዙ፤ ፌስታሉንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ግልገል ጊቤ

በአዲስ አበባ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግልገል ጊቤ አንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ከዚህ የሚወጣው ውሃ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ አልፎ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ሐይቁ ከዋናው መንገድ ይታያል። ወደ ግድቡ መግባት ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ለብቻው ቀን አትስጡት። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ወረድ ብላችሁ አይታችሁ እግራችሁን ዘርግታችሁ ብትቀጥሉ ይበቃል።

ቦንጋና ውሽውሽ

ከጅማ 105 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግራችሁ ከፋ ትገባላችሁ። ቦንጋ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናት። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ድልድይ፣ ባርታ ፏፏቴ፣ ከከተማው አለፍ ብሎ ደግሞ የውሽውሽ የሻይ ልማት አሉ። በየአቅጣጫው የተበተኑ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ከጅማ ደርሶ መመለስ አይቻልም።

የግድ በአንድ ቀን ከሆነ ከአራቱ አንዱን ምረጡ። የኔ ምርጫ ውሽውሽ ነው። ተቀጥቅጦ የተነጠፈ ምንጣፍ የመሰለውን ሻይ ከመንገድ ዳር ማየት ስለሚቻል አቀበት መውጣት የማይችል ሰውም ይደሰትበታል። ማደር ከቻላችሁ ግን ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ቦንጋን የሚወዳደረው የለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ቦታ | ከጅማ ርቀት | የሚበቃው ጊዜ | ወጪ | የእግር ድካም | ጥሩው ወቅት |
|---|---|---|---|---|---|
| ጅሬን እና ሙዚየሙ | 7–8 ኪ.ሜ | ግማሽ ቀን | ትንሽ | ቀላል፣ ደረጃ አለው | ዓመቱን ሙሉ |
| ቦዬ | ከተማው ዳር | 2–3 ሰዓት | ትንሽ | ቀላል | በጋ፣ ማለዳ |
| ሰቃ ፏፏቴ | 20 ኪ.ሜ ያህል | ግማሽ ቀን | መካከለኛ | ከበድ ይላል | መስከረም–ጥቅምት |
| አጋሮና ጮጬ | 45 ኪ.ሜ ያህል | ሙሉ ቀን | መካከለኛ | መካከለኛ | ጥቅምት–ታኅሣሥ |
| በለጠ ጫካ | ሸቤ አካባቢ | ሙሉ ቀን | ከባድ | እንደ ፍላጎት | በጋ |
| ግልገል ጊቤ | 70 ኪ.ሜ ያህል | በመንገድ ላይ | በጉዞው ውስጥ | የለውም | ዓመቱን ሙሉ |
| ቦንጋና ውሽውሽ | 105 ኪ.ሜ እና በላይ | 2 ቀን | ከባድ | ይለያያል | ከጥቅምት በኋላ |

ታዲያ እናንተ የትኛውን?

እናት አባት ወይም አክስት ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት ሙዚየሙ፣ ከዚያ ጅሬን፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ቡና። ባጃጁን እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፤ ከኮረብታው በእግር እንዲወርዱ አታድርጉ።

ልጆች ካሉ ቦዬን በማለዳ አድርጉትና ለቁርስ ከተማ ተመለሱ። ከሰዓት ጅሬን መጨመር ይቻላል። ከሁለት ቦታ በላይ ግን ሕፃን ያለቅሳል፣ ወላጅም ይነጫነጫል።

ተማሪ ሆናችሁ ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ሰቃ ለእናንተ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ በመስመር መኪና ሂዱ፤ ዳቦና ውሃ ያዙ። ዝናብ ካለ ግን እቅዱን ወደ ሙዚየም ቀይሩት፤ ፏፏቴው የትም አይሄድም።

ለቡና ፍቅር ያላችሁ በጥቅምት፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከመጣችሁ ሌላ አታስቡ፤ ጮጬ። በየካቲት መጨረሻ ከመጣችሁም ዕድል ካላችሁ አበባው ላይ ትደርሳላችሁ። ቡና ሲያብብ ቅርንጫፉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታውም ሳታዩት በፊት ይደርሳችኋል። አበባው ቀናት ብቻ ስለሚቆይ ጅማ ወይም አጋሮ ያለ ሰው ደውላችሁ «ፈነዳ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለት ቀንና የሚካፈሉት ጓደኞች ካሏችሁ ኮንትራት ይዛችሁ በበለጠ በኩል ቦንጋ ግቡና እደሩ። ስትሄዱ ጫካው፣ ሲነጋ ውሽውሽ፣ ስትመለሱ ሙዚየሙ።

ከጅማ ከተማ ወጥታችሁ የምትሄዱበት የትኛውም ጉዞ ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት መናኸሪያ ሾፌሮቹን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው ወይ የሚለው ነው፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። ሁለተኛው የመጨረሻው መኪና ከዚያ ስንት ሰዓት ይነሳል የሚለው ነው። የነገሯችሁን ሰዓት በአንድ ሰዓት ቀድማችሁ መናኸሪያ ተገኙ። እኔና አክስቴ ያን ቀን ወንበር ያገኘነው ኋላ ጥግ፣ ጎማው ላይ ነበር።